አኳራጅ፣ ቲነር፣ ተርፐንታይን፦ ሱቅ ሄዶ ምን ብሎ መጠየቅ ነው?

የበር_ቀለም

ሰላም ለሁላችሁ። ለብረት በርና ለመስኮት ፍሬም የሚሆን ሲንተቲክ ቀለም ተገዝቷል፣ 4 ሊትር። ቀቢው በጻፈው የዕቃ ዝርዝር ላይ «አኳራጅ 2 ሊትር» ይላል። ሱቅ ሲጠየቅ አንዱ «ቲነር ማለት እኮ ነው» ብሎ የታሸገ ቆርቆሮ ያወጣል። ሌላው በሃይላንድ የተቀዳ፣ ላምባ ላምባ የሚሸት ነገር ያሳያል። ሦስተኛው «ተርፐንታይን ነው» ይላል። ስሙን ኢንተርኔት ላይ በፈረንጅ ፊደል ሲፈልጉት ደግሞ ወርቅ የሚያቀልጥ አሲድ ይመጣል!

ለመሆኑ አኳራጅ ምን ማለት ነው? ከቲነር ጋር አንድ ነው ወይስ ይለያል? ለ4 ሊትር ቀለምስ ስንት ይገባል? 2 ሊትር በዛ የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

አሟሚ

ግራ መጋባቱ ከስሙ ስለሚጀምር እኔም ከስሙ ልጀምር።

አኳራጅ የጣልያን ቃል ነው። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ስቱኮ፣ ጎሚስታ በመጡበት መንገድ ነው የመጣው። ጣልያኖቹ «አክዋራጃ» ይሉታል። «አክዋ» ውሃ ነው፤ «ራጃ» ደግሞ ከፓይን ዛፍ (እኛ በጅምላ ጥድ ከምንላቸው አንዱ) የሚወጣው የሚያጣብቅ ሙጫ። ቃል በቃል «የሙጫ ውሃ» ማለት ነው። ስሙ ሲወጣ የተፈለገውም ይኸው ነበር። የዛፉን ግንድ ጭረው የሚንጠባጠበውን ሙጫ ይሰበስባሉ፣ አረቄ በሚወጣበት መንገድ ያተኑታል፣ ተኑ ሲቀዘቅዝ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወርዳል። ከሥር የሚቀረው ቢጫ ደረቅ ነገር ኮሎፎኒ ነው፤ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑ ሰዎች ሶልደር ሲያደርጉ የሚጠቀሙበት።

ያ ጥርት ያለ ፈሳሽ ተርፐንታይን ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ባለሱቅ በስሙ አልተሳሳተም። ነገር ግን ዛሬ አኳራጅ ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ከዛፍ የመጣ አይደለም። የነዳጅ ማጣሪያዎች ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል የሚፈላውን የነዳጅ ክፍል ለይተው ለዚያው ሥራ በርካሽ አቀረቡት። ጣልያን ራሷ «ማዕድናዊ አክዋራጃ» ብላ ስሙን አወረሰችው። ስሙ የዛፍ ሆኖ ቀረ፣ ዕቃው የነዳጅ ሆነ። ለበርዎ የሚያስፈልገው ይህ የነዳጁ ነው፤ የዛፉም ቢሆን ይሠራል፣ ዋጋው ግን ለበር አያዋጣም።

ቲነር የሚለው የዕቃ ስም ሳይሆን የሥራ ስም ነው፤ ማቅጠኛ ማለት ነው። የውሃ ቀለም ቲነሩ ውሃ ነው። የሲንተቲክ ቀለም ቲነሩ አኳራጅ ነው። የመኪና ናይትሮ ቀለም ቲነሩ ደግሞ ናይትሮ ቲነር፦ ቶሉኢን፣ አሴቶን፣ ቡታይል አሲቴት፣ አልኮል የመሳሰሉት የተደባለቁበት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ እጅ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው የሚቀዘቅዝ። ብዙ ባለሱቅ ዝም ብሎ «ቲነር» ሲል የሚያወጣው ይህንን የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ «ቲነር ስጠኝ» አይበሉ። «የሲንተቲክ ቀለም ማቅጠኛ፣ አኳራጅ» ይበሉ፣ ቆርቆሮው ላይም ለየትኛው ቀለም እንደሆነ ያንብቡ። ከሁሉም የሚሻለው የቀለሙን ቆርቆሮ ጀርባ ማየት ነው፤ ፋብሪካው በምን እንደሚቀጥን ይጽፋል።

ወርቅና_ብር

የአሲዱን ነገር እኔ ልመልስ፤ ሰው የሚጎዳ ስህተት ሊያመጣ ስለሚችል።

ኢንተርኔት ላይ ያገኙት ላቲን ነው፦ «አኳ ሬጂያ»፣ የንጉሥ ውሃ። ሦስት እጅ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና አንድ እጅ ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ፣ በሚሊ ሊትር ተለክቶ። ሁለቱም ለየብቻቸው ወርቅ ላይ ምንም አያደርጉም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ያሟሙታል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። «ያቀልጣል» የሚለው ትክክል አይደለም። ማቅለጥ የእሳት ሥራ ነው፣ ለዚያውም ወርቅ 1,064 ዲግሪ ይፈልጋል። አሲዱ ያሟማል፤ ወርቁ ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ በሌላ ኬሚካል ተመልሶ ይወጣል። በ1940 ኮፐንሃገን ጀርመኖች እጅ ስትገባ ጆርጅ ደ ሄቬሲ የተባለው ኬሚስት የማክስ ፎን ላውንና የጄምስ ፍራንክን የኖቤል ወርቅ ሜዳሊያዎች ያዳነው በዚህ ነው። አሟሙቶ ፈሳሹን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ተመልሶ ወጥቶ ሜዳሊያዎቹ እንደገና ተሠሩ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ይህ አሲድ ከአኳራጅ፣ ከአሴቶን ወይም ከአልኮል ጋር ከተገናኘ በኃይል ይንተከተካል፣ እሳት ሊያነሳ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ወርቅ ሥራ ቤት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ይኖራል፤ ዕቃ ማጠቢያው አሴቶን ወይም አልኮል ነው፣ አሲዱም አጠገቡ ነው። ጠርሙስ ላይ «አኳ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው አደጋ እየጠራ ነው። ሙሉ ስሙን ይጻፉ። ድብልቁ ሳይነካም ክሎሪን ያለበት ጋዝ እየለቀቀ ስለሚሄድ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ለዚህ ነው አኳ ሬጂያ ተደባልቆ በጠርሙስ የማይሸጠው። ሱቅ ላይ በስህተት ይሰጡኛል ብለው አይስጉ፤ ስጋቱ በቃል ብቻ «አኳ አምጣ» ሲባል ነው።

ባለቡሩሽ

ወደ በሩ እንመለስ። 2 ሊትር መብዛት አለመብዛቱ በምን እንደሚቀቡ ይወሰናል።

በቡሩሽ ወይም በሮለር ከሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። ለ4 ሊትር ቀለም ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በመርጫ ከሆነ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ከ600 እስከ 800 ሚሊ ሊትር። የቀረው ለቡሩሽ ማጠቢያና ለእጅ ነው። በቡሩሽ ለሚቀባ አንድ በር 1 ሊትር ሁሉንም ይሸፍናል። ከሥሩ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) የሚቀባ ከሆነ፣ ዝገቱ ተፍቆ ቅባቱም በአኳራጅ ተጠርጎ የሚጀመር ከሆነ 2 ሊትሩ ትክክል ነው። ብረቱን ሳይጠርግ የሚቀባ ቀቢ ካለ ቀለሙ በዓመቱ መላጡ አይቀርም፤ እንዲያውም ዝርዝሩ ላይ 2 ሊትር መጻፉ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይመስላል።

አቀጣጠኑ፦ ቆርቆሮውን ከፍተው መጀመሪያ ምንም ሳይጨምሩ በጠፍጣፋ እንጨት ከሥር እየፋቁ አምስት ደቂቃ ያማስሉ። የቀለሙ ዱቄት ከሥር ይረጋል። ሳያማስሉ የሚያቀጥኑ ሰዎች ላዩን ያለውን ዘይት ብቻ አቅጥነው «ቀለሙ አይሸፍንም» ይላሉ። ከዚያ ለቀኑ የሚበቃውን በሌላ ጣሳ ይቀንሱ፣ ያንን ብቻ ያቅጥኑ። 1 ሊትር ቀለም ላይ 50 ሚሊ ሊትር ጨምረው፣ አማስለው ብረት ላይ ይሞክሩ። የቡሩሹ ጭረት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ከተኛ በቃ። ካልተኛ ሌላ 50። ከዚያ አይለፉ። የመጀመሪያው እጅ 10 በመቶ ይችላል፤ የመጨረሻው እጅ 5 በመቶ ወይም ምንም ባይጨመርበት ይሻላል፣ አብረቅራቂነቱ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

ሲበዛ ምን ይሆናል? የቆመ በር ላይ ቀለሙ እንባ ያወርዳል። እንባው ሲደርቅ ላዩ ብቻ ይይዛል፣ ውስጡ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ወረቀቱን ያጨማልቃል። ሽፋኑም ይሳሳል፤ ማዕዘን ላይ የብረቱ መልክ ይታያል፣ ዝገት የሚጀምረውም ከማዕዘን ነው።

ናይትሮ ቲነር ቢጨመርስ? አዲስ ብረት ላይ ቀለሙ ቡሩሹ ላይ እየጠነከረ ይጎተታል፣ ገጹም ይደበዝዛል። ከሥር የቆየ ሲንተቲክ ቀለም ካለ ደግሞ የባሰ ነው፤ ያንን የቆየውን ቀለም ያሳብጠውና እንደ ወተት ሰልባቦት አጨማዶ ያነሳዋል። ያኔ መፋቅ እንጂ መደረብ አያድንም።

ላምባ ሲጨመር ወዲያው ምንም ስህተት አይታይም፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ቡሩሹ እንዲያውም ይለሰልሳል። ግን የላምባው ከባዱ ክፍል ቶሎ አይተንም፣ ቀለሙ ውስጥ ይቀራል። በሩ ለሦስት ለአራት ቀን እጅ ይይዛል፣ አቧራው ሁሉ ይለጠፍበታል፣ ከደረቀም በኋላ ድብዝዝ ያለ ነው። ቤንዚን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙ ሳይተኛ ቤንዚኑ ተንኖ ይሄዳል፣ የቡሩሹ ጭረት እንዳለ ይቀራል። በክረምት ደግሞ በፍጥነት ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው ጤዛ ይዞ ይነጣል። እሳቱን አልጠቀስኩም፤ ቤንዚን ለቀለም በጭራሽ አይሆንም።

ሸራና_ዘይት

ለሥዕል የሚፈልግ ሰው ይህንን ውይይት ቢያነብ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። የዘይት ቀለም ለማቅጠንና ቡሩሽ ለማጠብ የነዳጁም የዛፉም አኳራጅ ያገለግላል። ዳማር ሙጫ አሟሙቶ ቫርኒሽ ለመሥራት ግን የዛፉ ተርፐንታይን ግዴታ ነው። በነዳጁ አኳራጅ ዳማር ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፣ ይደፈርሳል፣ ከሥር ይቀራል። ሼላክ የሚባለው ሙጫ ደግሞ በሁለቱም አይሟሟም፣ የሚፈልገው አልኮል ነው።

ተርፐንታይን ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ከቆየ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይወፍራል፣ ይቢጫል፣ ጠርሙሱ አፍ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ የቆየው ቀለም አያደርቅም፣ የእጅ ቆዳንም ያስቆጣል፤ አንዴ ቆዳው የጠላው ሰው ከዚያ በኋላ በትንሹም ያሳክከዋል። በትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ ቶሎ መጨረስ ነው።

ማዶ_ያለ

ውጭ አገር ያላችሁና «አኳራጅ» ብላችሁ ሱቅ ላይ ለምትቸገሩ፦ አሜሪካ ሚኔራል ስፒሪትስ ወይም ፔይንት ቲነር፣ እንግሊዝ ዋይት ስፒሪት፣ ጀርመን ቴስትቤንዚን፣ ጣልያን ራሱ አክዋራጃ። እንግሊዝ አገር «ተርፕስ ሰብስቲትዩት» የሚለውም ያው የነዳጁ ነው። ጀርመን ውስጥ ቤንዚን የሚለውን ቃል አይታችሁ የመኪና ነዳጅ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ አይደለም።

«ስፒሪት» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ዋይት ስፒሪት ውስጥ አልኮል የለም። ቁስል ማጽጃ፣ የመርፌ ቦታ መጥረጊያ አይደለም። ክሊኒክ ያለው ስፒሪት አልኮል ነው፤ ቀለም ቤት ያለው ነዳጅ ነው። ቆዳን ያደርቃል፣ ያቃጥላል፣ ጀርምም አይገድልም።

የበር_ቀለም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ቀቢው የሚረጭ ሳይሆን በቡሩሽ የሚቀባ ነው፣ አንቲረስትም አለው፤ ስለዚህ 2 ሊትሩን አልከራከርም። ሁለት ነገር ቀረኝ። በሃይላንድ የተቀዳው እውነተኛ አኳራጅ ይሁን ላምባ የተቀላቀለበት ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል? ቡሩሽ የታጠበበት ቆሻሻውስ የት ይደፋል?

አሟሚ

ይቻላል፣ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሦስቱንም ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ እሳት በሌለበት ይሞክሩ።

የመጀመሪያው ነጭ ወረቀት ነው። አንድ ጠብታ ያንጠባጥቡና ሰዓት ይያዙ። ናይትሮ ቲነር በአንድ በሁለት ደቂቃ ጠፍቶ ያልቃል። ንጹሕ አኳራጅ ዘግየት ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ምንም ሳይተው ይሄዳል። ላምባ ያለበት ግን ከሰዓታት በኋላም ወረቀቱ ላይ የቅባት ክብ ይተዋል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቢያነሱት ክቡ ያሳልፋል። አጠገቡ የላምባ ጠብታ አድርገው ቢያነጻጽሩ ጥርጥር አይኖርም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ጠባብ ብርጭቆ፣ ለምሳሌ መድኃኒት መለኪያ፣ ውስጥ 20 ውሃ ያድርጉ፣ ላዩ ላይ 20 ከፈሳሹ። አማስለው ይተዉት። አኳራጅ ከውሃ ጋር ስለማይቀላቀል ላይ ይንሳፈፋል፣ 20ው 20 ሆኖ ይቀራል። የላይኛው ወደ 15 ወይም 16 ከወረደ ውሃው የወሰደው አሴቶን ወይም አልኮል አለ ማለት ነው፤ ናይትሮ ቲነር ነው ወይም ከእሱ ተቀላቅሏል።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። 1 ሊትር የነዳጅ አኳራጅ 780 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ተርፐንታይን 860 ገደማ። በዛፍ ዋጋ የነዳጅ እንዳይሸጥልዎ የሚጠብቅዎት ይህ ነው። ላምባ 800 አካባቢ ስለሆነ በሚዛን ከአኳራጅ አይለይም፤ ለእሱ ወረቀቱ ነው።

ስለ እሳትም አንድ ነገር ልጨምር። ሻጮች «አኳራጅ እንደ ቤንዚን አይደለም፣ አይያያዝም» ይላሉ። የተለመደው አኳራጅ ተን ከ38 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ በእሳት ይያያዛል፤ ይህ ቁጥር ግን የተለካው በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ነጥቡም ይወርዳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ወደ ስድስት ዲግሪ ይቀንሳል፣ 32 አካባቢ ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ያንን በቀላሉ ያልፋል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ የቡና ከሰል ምድጃ ድረስ ሄዶ እሳቱን ይዞ ይመለሳል። ቀለም በሚቀባበት ቤት ቡና የሚፈላው ግቢ ውስጥ፣ ራቅ ብሎ ይሁን።

ሃይላንዱን ደግሞ ዛሬውኑ ይቀይሩት። ውሃ የሚመስል ፈሳሽ በውሃ ዕቃ ውስጥ ማለት ሕፃን ይጠጣዋል ማለት ነው። አደጋው ሆድ ከመግባቱ ይልቅ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው፤ ትንሽ እንኳ ትንታ ሆኖ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ለዚህ ነው አኳራጅ ወይም ላምባ የጠጣ ሰው እንዲያስመልስ የማይደረገው፤ ሲያስመልስ ዳግም ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት አጠጥቶ ቤት ማቆየትም አይረዳም። ዕቃውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ባለቡሩሽ

ማጠቢያውን አይደፉትም፣ ይመልሱታል። ክዳን ያላቸው ሦስት የጠርሙስ ወይም የቆርቆሮ ዕቃዎች ያዘጋጁ። መጀመሪያ ቡሩሹን ጋዜጣ ላይ ደጋግመው ጠርገው ቀለሙን ያራግፉ። በመጀመሪያው ዕቃ 200 ሚሊ ሊትር አኳራጅ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ፣ በሁለተኛው 100፣ በሦስተኛው 100፤ ከዚያ በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ ፀጉሩን አስተካክሎ ወረቀት ጠቅልሎ ማሳደር። ሦስት ጊዜ በጥቂት ጥቂት ማጠብ አንዴ በብዙ ከማጠብ ይበልጣል።

ዕቃዎቹን ዘግተው ሁለት ቀን ያሳድሩ። ቀለሙ ከሥር ይረጋል፣ ላዩ ይጠራል። የጠራውን ሳያናውጡ ወደ መጀመሪያው ዕቃ ይገልብጡት፣ ለሚቀጥለው የመጀመሪያ እጥበት ይሆናል። ለማቅጠን ግን አይጠቀሙበት፣ የቀረ ቀለም አለበት። ከሥር የቀረውን ጭቃ በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ አድርቀው፣ ሲደርቅ ከቀለም ቆርቆሮው ጋር ያስወግዱት። ቱቦ ወይም ሽንት ቤት አይግባ።

የቀለም ጨርቁን ደግሞ ጠቅልለው ጥግ አይጣሉት። ሲንተቲክ ቀለምና የተልባ ዘይት ሲደርቁ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃዱ ሙቀት ይፈጥራሉ። ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፣ ማንም ሳይነካው ሌሊት ሊያያዝ ይችላል። አንድ በአንድ ዘርግተው ግቢ ውስጥ አጥር ላይ ያስጡት፤ ደርቆ ክው ሲል ያኔ መጣል ይቻላል። ማስጫ ቦታ ከሌለ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነክረው፣ ባልዲውን ከቤት ውጭ ያሳድሩት።